ዝናብ ሲጥል የሚታየው ባቡር

ሰማዩ ከተራራው ጋር ገጥሟል። የሚወርደው ዝናብ እንዳይባል ያነሰ፣ ካፊያ ተብሎ እንዳይናቅ ደግሞ ልብስ ዘልቆ ገላ የሚያርስ ነው። በሰሜን እንግሊዝ፣ ማለርስታንግ በሚባል ጠባብ ሸለቆ አናት ላይ፣ ከአውራ ጎዳና ዳር በቆመ የድንጋይ ካብ ሥር አሥር ያህል ሰዎች ጃንጥላ ዘርግተው፣ ካሜራቸውን በላስቲክ ከረጢት ሸፍነው ቆመዋል። ከቆሙ ሁለት ሰዓት አልፏቸዋል። የሚጠብቁት ባቡር ነው፤ ያውም የሚሳፈሩበትን ሳይሆን በፊታቸው አልፎ የሚሄደውን። ባቡሩ ብቅ ብሎ እስኪሰወር ያለው ጊዜ ከሁለት ደቂቃ እምብዛም አይበልጥም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለትምህርት በዚያ አገር በነበረበት ወቅት አንድ ቀን ከእነዚህ ሰዎች መካከል ተገኝቶ ነበር። በመጀመሪያ የመሰለው ሰዎቹ የአየሩን ትንበያ ሳይሰሙ በስሕተት የመጡ መሆናቸው ነው። ከጎኑ ለቆሙት አዛውንት «ፀሐይ ብትወጣ ምንኛ ጥሩ ነበር» ቢላቸው፣ «ፀሐይማ ከወጣች ምኑ ይታያል?» ብለው መለሱለት። ያን ጊዜ መልሱን እንደ ቀልድ ቈጥሮት አልፏል። ቤቱ ገብቶ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ሲያሰላው ግን አዛውንቱ የተናገሩት ማንኛውም የአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪ ሊያረጋግጠው የሚችል እውነት ሆኖ አገኘው።

አስቀድሞ ስለ ባቡሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የብሪታንያ የባቡር ድርጅት በዋና ዋናዎቹ መሥመሮች ላይ የመጨረሻውን የእንፋሎት ባቡር ያስኬደው እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1968 ነው። ያ የስንብት ባቡር ከሊቨርፑል ተነሥቶ በማንቸስተር በኩል ካርላይል ድረስ ሄዶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ እንፋሎት ከዋናው ሐዲድ ታገደ፤ እገዳው የላላው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ በበጎ ፈቃደኞችና በማኅበራት ጥረት ከቁራጭ ብረትነት የተረፉ ሎኮሞቲቮች ለሽርሽር የሚወጡ መንገደኞችን ይዘው ረዣዥም ጉዞ ያደርጋሉ። ከሚሄዱባቸው መሥመሮች ሁሉ ተመልካች የሚወደው ከሴትል እስከ ካርላይል 116 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቀውን ነው። ይህ መሥመር ለመንገደኞች የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1876 ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ሊዘጋ ታስቦ ከብዙ ክርክር በኋላ በ1989 ከመዘጋት ድኗል። ሪብልሄድ ላይ ባለ 24 ቅስት የድንጋይ ድልድይ አለው። ከፍተኛው ቦታ ኤይስ ጊል ይባላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 356 ሜትር ነው። ለእንጦጦ ልጅ ይህ ከፍታ ሊያስቀው ይችላል፤ ነገር ግን ከአትላንቲክ ውቅያኖስ የሚነሣውን እርጥብ ነፋስ ፊት ለፊት የሚቀበል ስፍራ በመሆኑ ዝናቡም፣ ጉሙም፣ ወጨፎውም ከዓመት እስከ ዓመት አይለየውም።

የማይታየው እንፋሎት

እንፋሎት አይታይም። ይህን ለማረጋገጥ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ አፍ ላይ አተኵሮ መመልከት ይበቃል፤ ከአፉ ጥግ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል ባዶ የሚመስል ቦታ አለ፤ ነጩ ነገር የሚጀምረው ከዚያ በላይ ነው። ባዶ በሚመስለው ቦታ ያለው እውነተኛው እንፋሎት፣ ማለትም የውኃ ጋዝ ነው። ነጩ ደግሞ ጋዙ ከቀዝቃዛ አየር ጋር ሲቀላቀል ተመልሶ የፈጠራቸው እጅግ ጥቃቅን የውኃ ጠብታዎች ናቸው። ጠብታዎቹ ከብርሃን የሞገድ ርዝመት ስለሚበልጡ ቀዩንም ሰማያዊውንም ብርሃን ሳያዳሉ ይበትኑታል፤ ነጭ ሆነው የሚታዩትም ለዚህ ነው። በደብረ ብርሃን የኅዳር ማለዳ ከአፋችን የሚወጣው እስትንፋስ የሚታየው፣ በአዋሽ ሜዳ ቀትር ላይ ግን የማይታየው በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄው እንግዲህ ጠብታዎቹ ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ የሚል ይሆናል። አየር በተወሰነ የሙቀት መጠን ሊሸከም የሚችለው የውኃ ጋዝ ልክ አለው። በ30 ዲግሪ ሴልሲየስ አንድ ሜትር ኩብ አየር እስከ 30 ግራም ይሸከማል፤ በ2 ዲግሪ ግን ከ5.6 ግራም አያልፍም። አሁን ሁለት ቀኖችን እናነጻጽር። በመጀመሪያው ቀን ሙቀቱ 30 ዲግሪ፣ አንጻራዊው እርጥበት 40 በመቶ ነው እንበል። እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር ገና 18 ግራም ውኃ የመጠጣት አቅም ይቀረዋል። ስለዚህ ከጭስ ማውጫው የወጣ አንድ ኪሎ ግራም እንፋሎት ከ55 ሜትር ኩብ አየር ጋር ሲቀላቀል ያለ ርዝራዥ ይጠፋል። በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ 2 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 90 በመቶ ነው። አየሩ የሚቀረው አቅም ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጥም፤ ያንኑ አንድ ኪሎ ግራም ለመጠጣት ወደ 1,800 ሜትር ኩብ አየር ያስፈልጋል። ልዩነቱ ከሠላሳ እጥፍ በላይ ነው። ስሌቱ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣውን ሙቀት ወደ ጎን የተወ ቢሆንም የነገሩን መልክ በትክክል ያሳያል። በፀሐያማው ቀን ባቡሩ ጭስ የሌለው ጥቁር ብረት ሆኖ ያልፋል፤ በክፉው ቀን ከኋላው የፉርጎዎቹን ርዝመት የሚያህል ደመና እየጎተተ ይመጣል።

እግረ መንገዳችንን እናንሣው እንጂ፣ ባቡር የሚለው ቃላችን ራሱ በዐረብኛ በኩል የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ እንፋሎትን የሚያመለክተው የአውሮፓውያን ቃል ቫፖር ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር በእርግጥ በእንፋሎት የሚጎተት ነበር። እንፋሎቱ ከጠፋ በኋላም ስሙ ቀርቶልናል። ዛሬ በኤሌክትሪክ የሚሄደውንም፣ እህል የሚፈጨውንም ባቡር እንላለን።

ያ ነጭ ደመና ለዓይን ያማረ ይሁን እንጂ ለመሐንዲስ ዓይን የሚያስቆጭ ነገር ነው። በዚህ መሥመር ላይ ዘወትር ከሚታዩት መካከል «ብላክ ፋይቭ» የተባለውን ዓይነት ሎኮሞቲቭ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ከ1934 እስከ 1951 ድረስ 842 ያህል ተሠርተዋል። ይህ ሎኮሞቲቭ ዳገት ላይ በብርቱ ሲሠራ በሰዓት እስከ 9 ቶን፣ በሰከንድ 2.5 ኪሎ ግራም ያህል ውኃ ወደ እንፋሎትነት ይለውጣል። እያንዳንዱ ኪሎ ግራም ውኃ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ 2.26 ሚሊዮን ጁል ያህል ስውር ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በሰከንድ 5.6 ሚሊዮን ጁል፣ በሌላ አነጋገር 5.6 ሜጋ ዋት፣ በጭስ ማውጫው በኩል ወደ ሰማይ ይወጣል ማለት ነው። ፉርጎዎቹን በመጎተት የሚሠራው ጠቃሚ ሥራ ደግሞ አንድ ሜጋ ዋት እንኳ አይሞላም። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከድንጋይ ከሰሉ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአሥር በመቶ በታች ነው፤ የቀረው የትም ነው። ሰዎቹ ዝናብ ላይ ቆመው በካሜራ የሚያድኑት እንግዲህ ብክነትን ነው። ብክነቱ በየዕለቱ አለ፤ ክፉ አየር ለዓይን እንዲታይ ያደርገዋል እንጂ አይፈጥረውም።

ይሁንና ፍርዱን ማቻኰል አይገባም። የወጣው እንፋሎት አንድ ሥራ ሠርቶ ነው የሚወጣው። በጭስ ማውጫው ሥር በጠባብ አፍ ሲተፋ የምድጃውን ጋዝ አብሮ ይስባል፤ በዚያው ልክ ንጹሕ አየር በእሳቱ ውስጥ እንዲያልፍ ያስገድዳል። ሎኮሞቲቩ በበረታ ቍጥር እሳቱም ይበረታል። ጆርጅና ሮበርት እስቲቨንሰን እ.ኤ.አ. በ1829 የሠሩት «ሮኬት» የተባለው ሎኮሞቲቭ ይህ ዘዴ ነበረው። በደቡብ አፍሪቃው የካሩ ምድረ በዳ ውኃ እጅግ ብርቅ ስለነበረ፣ በ1950ዎቹ እንፋሎቱን መልሰው የሚያቀዘቅዙና ውኃውን ደግመው የሚጠቀሙ ሎኮሞቲቮች ገብተው ነበር። እነዚያ ረቂቅ ማሽኖች እሳታቸውን የሚያራግቡት በማራገቢያ ነበር፤ «ቹፍ፣ ቹፍ» የሚለው ድምፅም ነጩ ደመናም አልነበራቸውም። ለፎቶግራፍ አንሺ ግን ከናፍጣ ባቡር የሚሻሉ አይመስለኝም።

ካፊያ ከዶፍ የሚከፋበት ቦታ

ከሰሜን ወደ ኤይስ ጊል የሚወጣው ዳገት ከሃያ ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው፤ በአብዛኛው በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር ይነሣል። ለመኪና ሜዳ ሊባል የሚችል ነው። ብረት በብረት ላይ ለሚሽከረከር ባቡር ግን ትልቅ ፈተና ነው። አሥር ፉርጎ የያዘ ባቡር ከነሎኮሞቲቩ 480 ቶን ይመዝናል ብንል፣ በዚያ ዳገት ላይ ስበት ብቻውን ወደ ኋላ የሚጎትተው የ4.8 ቶን ክብደትን በሚያህል ጉልበት ነው። የመንኰራኵሮቹና የአየሩ ተቃውሞ ሲጨመርበት ወደ 7 ቶን ይጠጋል። ይህን ሁሉ የሚችለው በስድስቱ ነጂ መንኰራኵሮችና በሐዲዱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። በብላክ ፋይቭ ነጂ መንኰራኵሮች ላይ የሚያርፈው ክብደት 54 ቶን ገደማ ነው። ሐዲዱ ደረቅ ሲሆን የዚህን ሩብ፣ 13.5 ቶን ያህል መያዝ ይቻላል፤ ትርፍ አለው። ሐዲዱ ሲያዳልጥ ግን አንድ አሥረኛው ብቻ፣ ማለትም 5.4 ቶን ይቀራል። ሰባት በአምስት አይሸነፍም፤ መንኰራኵሩ ባለበት ይሾራል።

የሚገርመው፣ ሐዲድን አብዝቶ የሚያዳልጠው ዶፍ አይደለም። ዶፍ ሐዲዱን ያጥበዋል። ካፊያ፣ ጤዛና ጉም ግን ከዝገቱ፣ ከዘይቱና በመከር ወራት ከሚረግፈው ቅጠል ጋር ተለውሰው እንደ ሳሙና የሚያሟልጭ ስስ ለጥ ያለ ሽፋን ይሠራሉ። ነጂው ያለው መድኃኒት አሸዋ ነው፤ ከመንኰራኵሩ ፊት በቀጭን ቧንቧ ሐዲዱ ላይ ይነፋል። ሌላው መድኃኒት እጁ ነው፤ የእንፋሎቱን በር በጥቂቱ ዘጋ፣ መንኰራኵሩ ሲይዝለት ደግሞ ከፈት ማድረግ። በዛሬ ጊዜ ከባቡሩ ጭራ ናፍጣ ሎኮሞቲቭ ማስከተልም የተለመደ ነው፤ ድንገት ቢቸገር እንዲገፋ። ይህ ለመንገደኞቹ እፎይታ ነው፤ ለአጥባቂ ተመልካቾች ግን እንደ መርዶ ነው። ፎቶግራፉን ያበላሻል ይላሉ፤ ነጂው ግን አይወቅሰውም።

ስለዚህ በካፊያ ቀን ተመልካቹ ከማየቱ በፊት ይሰማል፤ የሚሰማውም ነገር የሕይወትና የሞት ባይሆንም የመድረስና ያለመድረስ ጉዳይ ነው። ሁለት ሲሊንደር ያለው ሎኮሞቲቭ መንኰራኵሩ አንድ ጊዜ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል። የብላክ ፋይቭ ነጂ መንኰራኵር ቁመቱ 1.83 ሜትር፣ ዙሪያው 5.75 ሜትር ነው። ሰዓት ይዞ በ10 ሰከንድ ውስጥ 40 ትንፋሽ የቈጠረ ሰው ባቡሩ በሰዓት 21 ኪሎ ሜትር እየሄደ መሆኑን ያውቃል። ትንፋሹ ድንገት ተፋጥኖ እንደ መትረየስ ከተንጣጣ ባቡሩ አልፈጠነም፤ መንኰራኵሩ አዳልጦታል።

ካሜራው ምን ያያል?

ዝናብን፣ እንፋሎትንና ፍጥነትን በአንድ ሥዕል ውስጥ ለማዋሐድ ቀድሞ የተነሣው ካሜራ አልነበረም። እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር እ.ኤ.አ. በ1844 ለተመልካች ያቀረበው «ዝናብ፣ እንፋሎትና ፍጥነት» የተሰኘው ሥዕል ዛሬ ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ማዕከል ይታያል። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ ከታወጀ አምስት ዓመት ቢሆነውም የሚሮጥ ባቡርን የሚይዝ ፍጥነት አልነበረውም። ዛሬ ያ ችግር ተወግዷል፤ ነገር ግን ክፉ አየር የራሱን ዕዳ ያመጣል።

የመጀመሪያው ዕዳ ብርሃን ነው። ጥቅጥቅ ያለ ደመና የፀሐይን ብርሃን ከስምንት እስከ ዐሥራ ስድስት እጥፍ ይቀንሰዋል። ዳገት የሚወጣ ባቡር በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ቢሄድ፣ የካሜራው መዝጊያ ለአንድ አምስት መቶኛ ሰከንድ ብቻ ሲከፈት ባቡሩ ከ2 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ፎቶግራፉ ጥርት ይላል። ብርሃን አንሶ መዝጊያውን ለአንድ ስድሳኛ ሰከንድ መክፈት ግድ ቢሆን፣ ባቡሩ 18 ሴንቲ ሜትር ይጓዛል፤ መልኩም ይድበሰበሳል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ወይ የካሜራውን ስሜት ከፍ አድርጎ የሚመጣውን የፎቶግራፍ ሻካራነት ይቀበላል፣ ወይ ባቡሩ ወደ እርሱ አግድመት እየመጣ ሳለ፣ እንቅስቃሴው በፎቶግራፉ ላይ በሚያንስበት ማዕዘን ያነሣዋል።

ሁለተኛው ዕዳ ነጩ ደመና ራሱ ነው። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ በአማካይ ግራጫ ነው ብሎ ይገምታል። ፊቱ ላይ ነጭ እንፋሎት ወይም አመዳይ የለበሰ ሜዳ ሲደቀንበት ብርሃኑን አላግባብ ይቀንሳል፤ እንፋሎቱ ያደፈ ሻሽ መስሎ ይወጣል። ልምድ ያለው ሰው መለኪያው ካዘዘው በላይ እጥፍ ወይም ከዚያም ጨመር አድርጎ ብርሃን ያስገባል። ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ግን ነጩ እንፋሎት ከነጭ ሰማይ ጋር ሲገናኝ ነው፤ እንፋሎቱ በብዛት ቢኖርም አይታይም። አዋቂዎቹ ቦታቸውን የሚመርጡት ለዚህ ነው። ከባቡሩ በስተጀርባ ሰማይ ሳይሆን የራሰ ጥቁር ተራራ እንዲሆን ይሻሉ። ኤይስ ጊል የተወደደበት ምሥጢር፣ በስተጀርባው የሚቆመው ዋይልድ ቦር ፌል የተባለው ትልቅ ተራራ ነው። በዚያ ተራራ ላይ ጥቁር ዳመና አንዣብቦ ሳለ ፀሐይ በአንዲት ቀዳዳ ብቅ ካለች ሁሉም ትንፋሹን ይውጣል፤ እንዲህ ያለው ብርሃን በዓመት ስንት ጊዜ ባቡር ከሚያልፍባት ደቂቃ ጋር እንደሚገጥም መገመት አያዳግትም። አሜሪካዊው ዊንስተን ሊንክ በ1950ዎቹ ማብቂያ ይህን ልመና ከሰማይ ላለመለመን ሲል ባቡሮችን በሌሊት፣ ብዙ የብልጭታ አምፖሎችን በአንድ ሽቦ አያይዞ ያነሣ ነበር። ጨለማው ጥቁር መደብ ሆነለት፤ እንፋሎቱም እንደ ወተት ነጣ።

ስለ ዕቃ አያያዝ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ሌንሱን የሚጠርግ ደረቅ ጨርቅ በብብት ሥር መያዝ፣ ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ሲገቡ ካሜራውን አስቀድሞ በላስቲክ አጥብቆ ማሰር ይበቃል፤ ጤዛው በካሜራው ፋንታ ላስቲኩ ላይ ያርፋል። አንድ ነገር ግን ሳይነሣ አይታለፍም። ከሐዲዱ አጥር ውጪ መቆም ግዴታ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 «ፍላይንግ ስኮትስማን» የተባለው ዝነኛ ሎኮሞቲቭ ታድሶ ከለንደን ወደ ዮርክ በተጓዘበት ቀን ሐዲዱ ላይ የገቡ ሰዎች ባቡሩን በመንገድ ላይ አስቁመውታል። ለአንድ ፎቶግራፍ ሲባል ባቡርን ማስቆም፣ ያውም በራሱ ላይ አደጋ ጋብዞ፣ ለማንም የሚገባ አይደለም።

ለዚህ ባቡር «መልካም አየር» የምንለው ነገር ጠላቱ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እንደ 2018 እና 2022 ባለ ደረቅና ሞቃት በጋ ከምድጃው የሚፈናጠቅ ፍም የሐዲድ ዳር ሣር እንዳያቃጥል ሲባል ብዙ የእንፋሎት ጉዞዎች በናፍጣ ተተክተዋል። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 በደቡብ እንግሊዝ በረዶ ወርዶ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ሲስተጓጐሉ፣ ለሽርሽር የወጣው «ቶርናዶ» የተባለው ሎኮሞቲቭ ለንደን ቪክቶሪያ ጣቢያ ላይ መሄጃ ያጡ አንድ መቶ ያህል መንገደኞችን አሳፍሮ ወደ ኬንት ወስዷቸዋል። ቶርናዶ የቅርስ ዕቃ አይደለም፤ በሕዝብ መዋጮ ተሠርቶ በ2008 የተጠናቀቀ፣ በአሮጌ ንድፍ የተሠራ አዲስ ሎኮሞቲቭ ነው። እነዚያ ኤሌክትሪኮች ኃይል የሚያገኙት ከመሬት አጠገብ ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ነው፤ አመዳይ ሲለብሰው ኃይሉ ይቋረጣል። እሳቱን በሆዱ ይዞ የሚዞር ማሽን ግን ይህ አያገኘውም።

ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነው። በዌልስ ሜርተር ቲድቪል አጠገብ የነበረው ትልቅ የድንጋይ ከሰል ማውጫ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ከተዘጋ ወዲህ፣ ለእነዚህ ሎኮሞቲቮች የሚስማማ ከሰል ከባሕር ማዶ እየተገዛ ይመጣል፤ ከሌላ ነገር ጋር ተደባልቆ የተጠፈጠፈ ማገዶም ተሞክሯል። ጭሱ እንደ ማገዶው ሊለወጥ ይችላል። ነጩ ግን ውኃ ነውና አይለወጥም።

ወደ ኤይስ ጊል እንመለስ። ያን ቀን ባቡሩ ከመታየቱ በፊት ድምፁ ከሸለቆው ሥር ተሰማ፤ ዝግ ያለ፣ የደከመ ነበር። አዛውንቱ ሰዓታቸውን አውጥተው መቍጠር ጀመሩ። በመካከሉ ትንፋሹ ድንገት ተንጣጣ፤ ቆመ፤ ደግሞ ጀመረ። ከአጥሩ ሥር የነበረው ሰው ሁሉ ጸጥ አለ። ሁለተኛ ጊዜ ተንጣጣ። ከዚያ ከመጠምዘዣው በስተጀርባ ነጩ ደመና ቀድሞ ብቅ አለ፤ ሎኮሞቲቩ ከሥሩ ተከተለ፤ ከሰው ሩጫ እምብዛም በማይበልጥ ፍጥነት፣ ሐዲዱ ላይ አሸዋ እየነፋ ወጣ። ካሜራዬን አነሣሁ። በዚያው ቅጽበት ነፋሱ ዞረ፤ ደመናው ካቡን ተሻግሮ በላያችን ላይ ተደፋ፤ ሙቀቱ፣ የዘይቱ ሽታ፣ የከሰሉ ብናኝ ሁሉ ፊታችን ላይ አረፈ። ከዚያ ቀን የቀረኝ አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆኖ በቀኝ በኩል የአንድ መብራት ጭላንጭል ይታይበታል። አዛውንቱ ካሜራቸውን ከከረጢቱም አላወጡት። «ሃያ ሁለት» አሉ፤ በዐሥር ሰከንድ የቈጠሩት ትንፋሽ ነው። በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር ያነሰ ፍጥነት መሆኑ ነው። የመጨረሻው ፉርጎ ካለፈ በኋላም ደመናው በሸለቆው ላይ ሳይበተን ተንጠልጥሎ ቆየ።